የእንጦጦ ዳገት እና እናቶች የማይናገሩት ሸክም

ቅዳሜና እሑድ ቤተሰብ ይዘን የምንወጣበት ተራራ የአዲስ አበባ ውበት ብቻ አይደለም። በዚያው መንገድ ቁልቁል የሚወርዱት እናቶች ጀርባ ላይ፣ በየቤታችን ተደብቆ የኖረ የሴቶች የጤና ችግር ታሪክም አለ።

ከስድስት ኪሎ ተነስቶ የአሜሪካን ኤምባሲ አልፎ ሽሮ ሜዳ የሚደርሰውን መንገድ የማያውቅ አዲስ አበቤ ጥቂት ነው። በግራና በቀኝ የተሰቀለው የሀበሻ ቀሚስ፣ ነጠላና ጋቢ መንገዱን ሁልጊዜ የበዓል ዋዜማ ያስመስለዋል። ከሽሮ ሜዳ በላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ዳገቱ ይበረታል፣ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ የባሕር ዛፍ ሽታ በመኪናው መስኮት ይገባል። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትርን አልፈዋል። ከተማዋ በሙሉ ከእግርዎ ሥር ተዘርግታ ትታያለች።

እንጦጦ የአዲስ አበባ ታላቅ እህት ናት። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውሃው ሜዳ ወርደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከመቆርቆራቸው በፊት መናገሻቸው እዚህ ነበር። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉትም በእንጦጦ ማርያም ነው። አዲሲቱ ከተማ ስታድግ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተጨፍጭፎ አለቀ፤ በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ደረሰላት። ዛሬ የምናየው ደን የዚያ ልጅ ነው። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ተራራው የቤተሰብ መዝናኛ ሆኗል። ልጆች ፈረስ ይጋልባሉ፣ ወጣቶች ብስክሌት ይነዳሉ፣ ወላጆች ቡና ይዘው ከተማዋን ቁልቁል ያያሉ።

በዚህ መንገድ ላይ ሁለት ጉዞዎች ይተላለፋሉ። እኛ በመኪና ወደ ላይ እንወጣለን፤ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች በእግራቸው ወደ ታች ይወርዳሉ።

ከወገብ የጎበጠ ጉዞ

የእንጦጦ እንጨት ለቃሚዎችን ሁላችንም አይተናቸዋል፤ ብዙዎቻችን ፎቶ አንስተናቸዋል። የደረቀ ቅርንጫፍ፣ ጭራሮና ቅጠል በገመድ ታስሮ ከታችኛው ጀርባቸው ላይ ይጫናል። ሸክሙ ከተሸካሚዋ ቁመት ይረዝማል። ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ይበልጣል። ሴትዮዋ ከወገቧ ጎንበስ ብላ፣ ገመዱን በደረቷ በኩል ይዛ፣ ቁልቁለቱን በፈጣን እርምጃ ትወርዳለች። ቆማ ብታርፍ መልሶ መነሳቱ ስለሚከብዳት ስትሄድ አትቆምም።

ባለፈው ጥቅምት ከሰላሌ ለሠርግ ከመጡት አክስቴ ጋር እንጦጦ ወጥተን ነበር። ሃሳቡ የሳቸው ነው፤ ማርያምን መሳለም ፈልገው ነበር። ቤተ ክርስቲያኑን ግን ከውጭ ተሳልመው አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ወደ ፓርኩ በእግራችን ስንሄድ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ አረፉ። ሦስተኛው ላይ ከባሕር ዛፍ ሥር አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

“እትዬ፣ ደከመዎት እንዴ?”

“ድካምስ ምንም አይደል” አሉኝ። በዚያን ሰዓት አንዲት ሴት ሸክሟን ይዛ በፊታችን አለፈች። “አይዞሽ እህቴ” አሏት። ሴትዮዋም ሳትቆም “እግዜር ይስጥልኝ እናቴ” ብላ ወረደች። አክስቴ በዓይናቸው ሸኟት።

“እኔም እንደሷ ነበርኩ። አራስ ሆኜ፣ ወር ሳይሞላኝ በእንስራ ውሃ ቀድቻለሁ፤ እንጨት ተሸክሜያለሁ። ከአምስተኛው ልጄ በኋላ ከታች የሚወርድ ነገር መጣብኝ። ስተኛ ይገባል፣ ስቆም ይወርዳል። አሁንም ተቀመጪ የሚለኝ እሱ ነው።”

ስንት ጊዜ እንደሆነው ጠየቅኳቸው። አሥራ አንድ ዓመት። ለማን እንደነገሩ ጠየቅኳቸው።

“ለማን ይነገራል ልጄ? ለባሌ ወገቤን ያመኛል ነው ያልኩት። ሽንቱም ያመልጠኛል፤ ቆሜ ማስቀደስ ከተውኩ ቆየሁ። ከቤቱ ውጭ እቀመጣለሁ። እግዚአብሔር ያየኛል።”

ይህ በየቤቱ ያለ ታሪክ ነው። ስሙ የማህፀን መውጣት ወይም መውረድ ይባላል። ሐኪሞች ሰፋ አድርገው የዳሌ ውስጥ አካላት መውረድ ይሉታል፤ የሚወርደው ማህፀን ብቻ አይደለምና።

የላላ የጠፍር አልጋ

ነገሩን ለመረዳት የአያቶቻችንን የጠፍር አልጋ ማሰብ ይበቃል። ጠፍሩ ሲወጠር አልጋው ሰው ይሸከማል። ዓመታት አልፈው ጠፍሩ ሲላላ የተኛው ሰው ወደ መሬት ይሰረጉዳል። የሴት ልጅ ዳሌም ከታች በኩል እንዲህ ያለ ወለል አለው። ከፊት ከብልት በላይ ካለው አጥንት አንስቶ ከኋላ እስከ ጭራ አጥንት የተዘረጉ ጡንቻዎችና ጅማቶች ናቸው። ከላያቸው ከፊት የሽንት ፊኛ፣ ከመሃል ማህፀን፣ ከኋላ የአንጀት መጨረሻ ይቀመጣሉ።

ይህ ወለል ሲላላ ወይም ሲቀደድ ከላይ ያለው ወደ ብልት ይገፋል። ከፊት ፊኛው ከሆነ የወረደው፣ ሽንት ያመልጣል ወይም ደግሞ ተሟጦ አይወጣም። ከኋላ አንጀቱ ከሆነ ሰገራ መውጣት ያስቸግራል። መሃል ያለው ማህፀን ከሆነ እንቁላል የሚመስል ነገር በብልት ይሰማል፤ ሲብስም ወደ ውጭ ይወጣል። ሁለቱ ወይም ሦስቱ አብረው ሊወርዱም ይችላሉ። የብዙ ሴቶች ምልክት ከዚህ ይቀላል፦ ከታች የመክበድ ስሜት፣ የወገብ ሕመም፣ ሲመሽ የሚብስ ሲተኙ የሚሻል ጫና፣ በግንኙነት ጊዜ አለመመቸት።

ሐኪሞች በአራት ደረጃ ይለዩታል። አንደኛው ሴትዮዋ ራሷ ሳታውቀው ሊያልፍ የሚችል ነው። አራተኛው ማህፀኑ ሙሉ በሙሉ የወጣበት ነው። ካንሰር አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ የእርግማን ውጤትም አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ሕይወትን አያሰጋም። ሕይወትን የሚያጠበው ግን ነው፤ መንገድ፣ ሥራ፣ ጸሎት፣ ትዳር ሁሉ በእሱ ይለካል።

ከፊስቱላ ጋርም መምታታት የለበትም። ፊስቱላ በተራዘመና በታነቀ ምጥ ምክንያት በፊኛና በብልት ወይም በአንጀትና በብልት መካከል የሚፈጠር ቀዳዳ ነው፤ ሽንት ወይም ሰገራ ያለማቋረጥ ይፈስሳል። የማህፀን መውረድ ቀዳዳ ሳይሆን የድጋፍ መላላት ነው። ሁለቱ ግን በአንድ በር ሊታከሙ ይችላሉ። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ ያቋቋሙት የፊስቱላ ሆስፒታል ዛሬ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ማዕከላት ያሉት ሲሆን፣ ከፊስቱላ ሌላ ከባድ ደረጃ የደረሰ የማህፀን መውጣትም ያክማል።

የገጠር ሴት ችግር ብቻ ነውን?

የመጀመሪያው ምክንያት ወሊድ ነው። በምጥ መውለድ፣ በተለይ ብዙ ጊዜ መውለድ፣ ምጥ መራዘም፣ የሕፃኑ ክብደት መብዛት፣ በመሣሪያ ታግዞ መውለድ ወለሉን ይለጥጡታል ወይም ይቀድዱታል። በኦፕራሲዮን መውለድ ችግሩን ይቀንሰዋል እንጂ ፈጽሞ አያስቀረውም። ከዚያ ዕድሜ ይጨመራል። ከማረጥ በኋላ ኤስትሮጅን ስለሚቀንስ ሕብረ ሕዋሱ ይሳሳል። ከእናት ወይም ከእህት የሚወረስ ተጋላጭነትም አለ።

በላዩ ላይ ሆድ ውስጥ ጫና የሚጨምር ነገር ሁሉ አለ፦ ከባድ ሸክም፣ የቆየ ሳል፣ የሆድ ድርቀት፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት። የእንጦጦዋ ሴት ሸክሟን ስታነሳ ትንፋሿን ይዛ ሆዷን ትወጥራለች፤ ያ ጫና ቁልቁል ወደ ዳሌ ወለሏ ይወርዳል። ይህን በቀን አንድ ጊዜ ሳይሆን ለዓመታት፣ አራስነቷ ሳያበቃ ጀምራ ታደርገዋለች።

እንደኛው ተራራማ በሆነችው ኔፓልም በዳገት ሸክም የሚሸከሙ፣ ከወሊድ በኋላ ሳያርፉ ወደ ሥራ የሚመለሱ ሴቶች ይህ ችግር በወጣትነታቸው ያገኛቸዋል። የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ጉዳዩን የሴቶች የሥነ ተዋልዶ መብት ጥያቄ መሆኑን ወስኖ፣ መንግሥት ሕክምናውን እንዲያቀርብ አዟል።

ሆኖም ሸክም የማያውቁ ሀገሮችም አላመለጡም። በአሜሪካ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው አንዲት ሴት 80 ዓመት እስኪሞላት በዚህ ምክንያት ቀዶ ሕክምና የማድረግ ዕድሏ 13 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ቦሌ ወይም ሲኤምሲ የምትኖር፣ ሁለት ልጅ በጥሩ ሆስፒታል የወለደች እህታችንም “እኔን አይመለከተኝም” ልትል አትችልም።

የከተማው ቤትም የራሱ ሸክም አለው። ውሃ ሲጠፋ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚወጣው ጀሪካን 20 ሊትር ነው፤ ያም 20 ኪሎ ማለት ነው። ጀሪካኑን የሚያወጣው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ የቤት ሠራተኛችን ናት፤ ወይም ከወለደች ሁለት ወር ያልሞላት የቤቱ እመቤት። የጋዝ ሲሊንደር፣ የጤፍ ጆንያ፣ አልወርድም ያለ የሦስት ዓመት ልጅ ሁሉ ይቆጠራሉ።

አክስቴ ሐኪም ዘንድ

አክስቴን ለማሳመን አንድ ሳምንት ፈጀ። የፈሩት ቢላዋውን አልነበረም። “ሸምግዬ ለሰው ልገለጥ?” ነበር ጥያቄያቸው። ሴት ሐኪም እንደምትኖር ስነግራቸው እሺ አሉ። አብሬያቸው ገባሁ።

የማህፀንና ጽንስ ሐኪሟ በመጀመሪያ አዋራቻቸው። ስንት ወለዱ፣ ሽንት ያመልጥዎታል ወይስ አልወጣም ይልዎታል፣ ሳል አለብዎት፣ በጣም የሚያስቸግርዎ ምንድን ነው? ከዚያ በአልጋ ላይ ምርመራ አደረገች፤ እንዲያስሉም ጠየቀቻቸው፣ ሲያስሉ ምን ያህል እንደሚወርድ ለማየት። ሽንታቸው ተመረመረ። ሁሉም ከግማሽ ሰዓት አላለፈም። ደረጃው ሦስተኛ ነበር።

ሦስት መንገዶች ቀረቡላቸው።

የመጀመሪያው የዳሌ ወለል ጡንቻን ማሠልጠን ነው፤ በአሜሪካዊው ሐኪም በአርኖልድ ኬግል ስም ይጠራል። ለአንደኛና ለሁለተኛ ደረጃ ብዙ ይረዳል። የወጣን ማህፀን ወደ ቦታው ባይመልስም የክብደቱን ስሜትና የሽንት ማምለጥን ይቀንሳል።

ሁለተኛው ፔሳሪ ነው። ብልት ውስጥ ገብቶ የወረደውን ደግፎ የሚይዝ፣ ብዙ ጊዜ ከሲሊኮን የሚሠራ ቀለበት ነው። ሃሳቡ አዲስ አይደለም፤ የጥንት ግሪካውያን ሐኪሞች ለዚሁ ሥራ ግማሽ ሮማን ይጠቀሙ ነበር። የዛሬው ቀለበት በልክ ይመረጣል፣ ይታጠባል፣ በየጥቂት ወሩ ሐኪም ያየዋል። ካረጡ በኋላ ብልት ሲደርቅ የኤስትሮጅን ቅባት አብሮ ሊታዘዝ ይችላል።

ሦስተኛው ቀዶ ሕክምና ነው። የላላው ይጠበቃል፣ የወረደው ወደ ቦታው ይሰቀላል፣ እንደ ሁኔታው ማህፀን ይወጣል ወይም እንዲቆይ ይደረጋል። ብዙውን ጊዜ በብልት በኩል ስለሚሠራ ሆድ አይከፈትም። ከዚያ በኋላ ለስድስት ሳምንት ያህል ከባድ ነገር ማንሳት የለም። ችግሩ ተመልሶ ሊመጣ የሚችልበት ጊዜ ስላለ፣ ልጅ የመውለድ ሃሳብ ያላት ሴት ብዙ ጊዜ ወልዳ እስክትጨርስ ድረስ በቀለበት እንድትቆይ ትመከራለች።

አክስቴ ቀለበቱን መረጡ። የመጀመሪያው ልኩ ስላልነበረ በማግስቱ ወጣ። “አልኩሽ እኮ፣ አይሆንም” አሉ። ሐኪሟ ግን እንዲህ ማጋጠሙ የተለመደ መሆኑን አስረድታ ሰፋ ያለውን ቀየረችላቸው፤ ኮሪደሩ ላይ ወዲያና ወዲህ እንዲሄዱም አደረገች። ሁለተኛው ጸና። ከሁለት ሳምንት ክትትል በኋላ ወደ ሰላሌ ሲመለሱ በየሦስት ወሩ መምጣት እንዳለባቸው ተነገራቸው። በስልክ ሳገኛቸው በመጀመሪያ የነገሩኝ ስለ ሕክምናው አልነበረም። “ሰንበት ቅዳሴውን ቆሜ ጨረስኩ” አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው የአንዲት ጎረቤታቸውን ነገር አነሱ። “እሷም አለባት። እኔ ስነግራት ነው የነገረችኝ።”

በቤታችን ምን እናድርግ?

*ጡንቻውን ማሠልጠን።* ሽንትንና ጋዝን አንድ ላይ እንደሚይዙ አድርገው ወደ ውስጥና ወደ ላይ ይጨምቁ፤ ጥቂት ሰኮንድ ይያዙና ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ። ትንፋሽ አይያዝ፣ መቀመጫና ጭን አይጨመቅ። ስምንት ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ለውጥ ለማየት ሦስት አራት ወር ያስፈልጋል። ሽንት እየሸኑ አቋርጦ መለማመድ ግን ጥሩ ልማድ አይደለም። ትክክል መሥራትዎን አዋላጅ ነርስ ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ብታረጋግጥልዎ ይበልጥ ይጠቅማል።

*አራስን ማሳረፍ።* ባህላችን ለአራስ የሚሰጠው ዕረፍት ገንፎ መብላት ብቻ አይደለም፤ ከሸክም መራቅም ነው። ከወለዱ በኋላ የሚሰማ የመክበድ ስሜት ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ይሻላል። ካልተሻለ ይታዩ። በመቀነት ሆድን አጥብቆ ማሰር የላላውን የዳሌ ወለል አያጠነክርም።

*ሸክምን መከፋፈል።* ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን በሁለት ባለ 10 ይተኩ። ሲያነሱ ጉልበትዎን አጥፈው፣ ዕቃውን ወደ ሰውነትዎ አስጠግተው፣ ትንፋሽ እያወጡ ያንሱ። ለቤት ሠራተኛዎም ይህንኑ ያሳዩ፤ ከቤቱ ወንዶች አንዱም ጀሪካን ቢያወጣ ክብሩ አይቀንስም።

*ድርቀትንና ሳልን ማከም።* ጎመን፣ ምስር፣ ፍራፍሬ፣ የተልባ ውሃ፣ በቂ ውሃ። መጸዳጃ ላይ ማማጥ አይገባም፤ እግርን በዱካ ላይ አድርጎ መቀመጥ ያቀላል። ሳምንታት የቆየ ሳል ካለ ምክንያቱ ይመርመር።

*ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ።* ሽንት እንቢ ካለ፣ የወጣው አካል ከቆሰለ፣ ከደማ ወይም አልመለስ ካለ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካለ፣ ካረጡ በኋላ ደም ከታየ ቀጠሮ አይጠበቅም። የወጣውን በቅጠል ወይም በቤት መድኃኒት መያዝ ቁስልና ኢንፌክሽን ያስከትላል።

*መጠየቅ።* እናቶች ይህን በራሳቸው አያነሱም። “ከታች የሚከብድሽ ነገር አለ? ሽንት ያስቸግርሻል?” የሚል ጥያቄ ከሴት ልጅ ወይም ከምራት ሲመጣ ይቀላል። ባሎችም ድርሻ አላቸው፦ “ወገቤን” ያለች ሚስት ሌላ ነገር ሊኖርባት እንደሚችል ማወቅ፣ አብሮ መሄድ።

ወደ እንጦጦ ስትወጡ

ጥቅምትና ኅዳር ዝናቡ ወጥቶ ሰማዩ የሚጠራበት፣ ከተማዋ ጥርት ብላ የምትታይበት ወቅት ነው። በማለዳ ውጡ። ጋቢ ወይም ሹራብ ያዙ፤ ከተማው ሞቆ እንኳ ላይኛው ይቀዘቅዛል። ከፍታው ትንፋሽ ያሳጥራልና ታላላቆችን አታስቸኩሉ። ከእንጦጦ ማርያምና ከአጠገቡ ካለው የምኒልክ ግቢ ጀምሮ ወደ ፓርኩ መውረድ ለልጆች የታሪክ ትምህርት ይሆናል። ስትመለሱ ሽሮ ሜዳ ላይ ቆም በሉ፤ ቀድሞ እንጨት ይሸከሙ የነበሩ ሴቶች ሸክሙን ትተው በሽመና የሚተዳደሩበት ማኅበር በዚያው አካባቢ አለ። ከነሱ የተገዛ አንድ ሻርፕ ከአንድ እስር እንጨት በላይ ዋጋ አለው።

እናቶቻችሁንና አክስቶቻችሁንም ይዛችሁ ውጡ። በመንገዱ ቶሎ ቶሎ የሚቀመጡ ከሆነ ደግሞ “ደከመሽ?” ብላችሁ አትለፉ፤ አጠገባቸው ተቀመጡና ሁለተኛውን ጥያቄ ጠይቁ።